የተነቀለው መለኪያ

የሞተር ሳይክሌን የፍጥነት መለኪያ ነቅዬ ዲጂታል ገጠምኩበት። አሮጌውን እናቴ አይጣልም ብላ ቂርያት መናሔም ሰፈር ባለው ቤታችን መደርደሪያ ላይ አኖረችው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በገባሁ ቁጥር ምግቤን አቅርባ፣ ተቆጥታ ትጠብቀኛለች።

«ዛሬም በረርክ፣ ኒር።»

«ማን ነገረሽ?»

«የመለኪያው ጠቋሚ። ስትነዳ ይነሳል፣ ስትደርስ ይወርዳል።»

ሽቦ እንኳ የለውም። የምትሰልለኝ እህቴ ሺርሊ ናት ብዬ ጠረጠርኩ።

ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተሩን አቆምኩ። እናቴም እንደ ወትሮው ሰንበት እስኪወጣ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

ቅዳሜ ሦስታችንም ምሳ ላይ ሳለን ጠቋሚው ተነሳ። ቆይቶ ቀስ እያለ ወርዶ ዜሮ ላይ ቆመ።

ደረጃው ላይ የእኔን የሚመስል ኮቴ ተሰማ። እናቴ አየችኝ። ከዚያ እንደ ልማዷ ተነሥታ አንድ ሳህን ጨመረች።