በአንድ ቆጣሪ

አቶ እምሩና ተክላይ በያጁ የተጣሉት በኮምፒውተር ነው። ከዚያ በፊት፣ የሚያጣላ ነገር ባይጠፋም፣ ተጣልተው አያውቁም።

የሚኖሩት እሪ በከንቱ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። መብራት የሚያገኙትም ከአንድ ቆጣሪ ነው፤ ቆጣሪው በአቶ እምሩ ስም፣ በአቶ እምሩ በር ላይ ተሰቅሏል። ተክላይ ከመቀሌ መጥቶ ግቢው ጥግ ላይ የብየዳ ሥራ ሲጀምር ሽቦ የቀጠሉለት እሳቸው ናቸው። ያን ሽቦ ማንም ውለታ ብሎት አያውቅም። የተክላይ እንጀራ ግን በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

አቶ እምሩ ጡረታ ከወጡ በኋላ ስለ ንብ ርባታ የሚያስረዳ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ተቀጠሩ። ልጃቸው ሜላትም ኮምፒውተር ገዝታ አመጣችላቸው፤ ትልቅ ሣጥን ያለውን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቆመውን።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እፀገነት ኮምፒውተሩን እንደ እንግዳ ተቀበሉት። በዚያ ቤት ራቁቱን የሚቆም ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ ፍሪጁም በእጃቸው የተሠራ ዳንቴል ለብሰዋል። ያን ሰሞን ፒያሳ ቤት እየፈረሰ አቧራው እስከ እነሱ ግቢ ይወርድ ስለነበር፣ ለአዲሱ የሠሩለት ልብስ ገበር ጭምር ነበረው። ለማብሪያው ቁልፍ ብቻ ቀዳዳ ተዉለት። አቶ እምሩ ሳቁ፤ ወደ ንቦቻቸውም ተመለሱ። የቤታቸው ድመትም የሣጥኑን ሙቀት ወደደችው፤ ከላዩ ላይ መተኛት ጀመረች።

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የጠፋ ዕለት፣ በሚተረጉሙት ገጽ ላይ ንግሥቲቱ ንብ ከቀፎ ልትወጣ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ስክሪኑ ድንገት ጠቆረ። አቶ እምሩ ቁልፉን ደጋግመው ተጫኑ፤ ማሽኑ አንዴ ያቃስትና ዝም ይላል። ሶኬቱን ነቅለው ሰኩ። በስተመጨረሻ ሣጥኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ድመቷ ተቀይማ ወረደች።

በነጋታው ጠዋት ምንም እንዳልሆነ በራ። ረፋዱ ላይ ጠፋ። የተረጎሙት ገጽም አብሮት ሄደ።

ሳምንቱ በዚህ አለቀ። ሲበራ እየጻፉ፣ ሲጠፋ እየረገሙ፣ እንደገና እየጻፉ ንግሥቲቱን ከአንዱ ቀፎ ማስወጣት አቃታቸው። አሠሪዎቹም ስልክ መደወል አበዙ።

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ፣ ሚኪያስ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። ወይዘሮ እፀገነት ታክሲ ውስጥ እንዳይቆሽሽ ልብሱን አውልቀው፣ አጣጥፈው ቤት አስቀሩት፤ አቶ እምሩ ሣጥኑን ታቅፈው ሄዱ። ሚኪያስ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ሲያሠራው ዋለ። አንዴ እንኳ አልጠፋም።

«ጋሼ፣ ይሄ ከእርስዎም ከእኔም ይልቅ ጤነኛ ነው» አላቸው።

ይዘውት ተመለሱ። ወይዘሮ እፀገነት ልብሱን አለበሱት። ምሳ ተበልቶ ሳያበቃ ጠፋ።

ሁለተኛ ጊዜ ወሰዱት። ሚኪያስ አንዳንድ ነገር ለወጠለት፤ እዚያ አሁንም ሳይጠፋ ውሎ አደረ። እቤት ሲመጣ ሞተ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወስዱት ሚኪያስ ሣጥኑን መክፈቱን ትቶ ስለ ቤታቸው ይጠይቃቸው ጀመር። መብራት የሚያናውጥ ነገር አጠገባቸው እንዳለ ጠየቃቸው።

አቶ እምሩ መልሱን ይዘው ከደረጃው ወረዱ። ተክላይ ብረት ሲነካ የሳሎኑ አምፖል ዓይኑን እንደሚያርገበግብ ሰውየው ከመጣ ጀምሮ አይተዋል።

ተክላይ አልተከራከረም። የበር ትዕዛዝ ነበረበት፤ ያም ሆኖ ጋሼ እምሩ በሚጽፉበት ሰዓት ማሽኑን ላይነካ ቃል ገባ። ኮምፒውተሩ ግን መጥፋቱን አልተወም። አቶ እምሩ ተክላይ ቃሉን እንዳጠፈ አልተጠራጠሩም፤ እርግጠኛ ሆኑ። በሩ ላይ ቆመው ተሸሽጎ ይበይድ እንደሆነ ጠየቁት።

«ጋሼ እምሩ፣ ብየዳ እኮ ሐሜት አይደለም፤ ቀስ ተብሎ አይሠራም» አለ ተክላይ።

አቶ እምሩ አልሳቁም። ያን ቀን ሽቦውን ከቆጣሪው ነቀሉት።

ወይዘሮ እፀገነት የነገሩን መጨረሻ አይተው እህል ማቅረቡን ትተው ቆሙ። «ሰው በዕቃ ትለውጣለህ?» አሉ። ባላቸው ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ቃል፣ ስለ አሠሪዎቹ ብዙ ነገሯቸው።

ተክላይ ያለ መብራት ጥቂት ቀን ተቀመጠ፤ ኮምፒውተሩ አሁንም ሲጠፋ አቶ እምሩ ሽቦውን ተደብቆ እየቀጠለ ነው አሉ። ከዚያ ሰበታ የአክስቱ ልጅ ዘንድ ቦታ አገኘና አንድ ጠዋት ማሽኑን አይሱዙ ላይ ጫነ። ወይዘሮ እፀገነትን ትከሻቸውን ስሞ ተሰናበተ። አቶ እምሩ ከመስኮቱ አልተነሱም። ተክላይ በዚያው በመስኮቱ በኩል፣ «ኮምፒውተርዎን እግዜር ይማርልዎ» ብሏቸው ሄደ።

ወይዘሮ እፀገነት ሲከፋቸው ማጠብ ልማዳቸው ነው። አይሱዙው ከግቢው ሳይወጣ የቤቱን ዳንቴል ሁሉ ገፈው ዘፈዘፉ፤ ሽቦው ላይ ነጭ በነጭ አሰጡት። ፀሐይዋ ደግ ነበረች።

አቶ እምሩ መጻፍ ጀመሩ። ረፋዱ አለፈ፤ ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ምሳ አለፈ፤ አልጠፋም። ንግሥቲቱ ወጣች፣ መንጋው ተከተላት፣ አዲሱ ቀፎ ሞላ። አቶ እምሩ ከወር ወዲህ ያልሠሩትን በአንድ ቀን ሠሩ። ድመቷ እንኳ ውጭ ፀሐይ ላይ ተጋድማ ዋለች።

«አየሽ» አሉ፣ ልብስ የሚነካኩትን ሚስታቸውን ዞር ብለው እያዩ። «ሰውየው ሄደ፣ መብራቱ ዳነ። ደግሞ አልነካሁም ይለኛል።»

ወይዘሮ እፀገነት ወደ ማምሻው ላይ የደረቀውን ሰብስበው አስገቡ። ፍሪጁን አለበሱ፤ ሬዲዮውን፣ ቴሌቪዥኑን አለበሱ። በመጨረሻ ባላቸውን እንዳያውኩ በቀስታ ሣጥኑን አለበሱና ጠርዙን እስከ ኋላው ድረስ ጎትተው አስተካከሉ። ድመቷ ገብታ ከላዩ ወጣችና ተጠቀለለች።

አቶ እምሩ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጀመሩ።

ማር ቆረጣው ላይ ሲደርሱ ስክሪኑ ጠቆረ።