ከበሮው ይዘገያል ያለው ሰው

እትዬ እንቁን የበደላቸው ሰው መስዑድ ይባላል። ጭሮ መናኸሪያው ፊት ለፊት ጌም ቤት አለው። ጎረቤቱ ሁሉ በድምፅ ማጉያው ጩኸት ተማርሮ ቀበሌ ሲከሰው፣ አንድ ቀን እንኳ “ቀንስ” ያላሉት እትዬ እንቁ ብቻ ነበሩ። ውለታቸውን እንዲህ መለሰ።

መስዑድ በኮምፒውተር የሚጫወቱት የዘፈን ጨዋታ አምጥቶ ነበር። ዘፈኑ ሲዘፈን ከስክሪኑ አናት ቀስቶች ይወርዳሉ፤ ቀስቱ መስመሩ ላይ ሲደርስ ቁልፉን መምታት ነው። የፈረንጁ ዘፈን ሲሰለች የአገሩን ዘፈን እየወሰደ ቀስቱን ራሱ ይደረድር ጀመር። ሙያውን ይችልበታል፤ በዳይም ቢሆን እውነቱን አይነፈግም። ዘፈኑ ሲፈጥን ግራና ቀኝ እጅን ያፈራርቃል፣ አንድ ጣት ላይ አያከማችም፣ ማረፊያ ይተዋል፣ ከበሮ ባልተመታበት ቀስት አያስቀምጥም።

ታዲያ ሂርና ከተማ አንድ ሰርግ ላይ በስልኩ የቀዳውን የእትዬ እንቁን ከበሮ ጨዋታ አደረገው። እትዬ እንቁ ማለት ከጭሮ እስከ ገለምሶ ያለ እሳቸው ከበሮ ሙሽራ ከቤቷ አትወጣም የተባለላቸው ናቸው። ጨዋታውን ግን የሚጨርሰው ሰው ጠፋ። ጎረምሳው ሁሉ ዘፈኑ ሲፈጥን ይወድቅና ንዴቱን በቁልፉ ላይ ይወጣል።

“ግፍ ነው ይኼ! ቀስቱን ሆን ብለህ አጣመህብናል!”

“ወላሂ እኔ የለሁበትም” አለ መስዑድ። “ከበሮው በተመታበት ነው ያስቀመጥኩት። ከዘፈኑ ወደ ኋላ የሚዘገየው ራሱ ከበሮው ነው።”

ወሬው በደሳ ከተማ ለመድረስ ሚኒባስ አልጠበቀም። የበደሳው አቶ አጥናፉ እሁድ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ከበሮውን ለእትዬ እንቁ ሰጥተው ነበር። አሁን “አባይነሽ ብትመታልንስ?” ማለት ጀመሩ። አባይነሽ! ከበሮ ስትመታ ምንጣፍ የምታራግፍ የምትመስለዋ አባይነሽ!

እትዬ እንቁ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለገበያ የመጡትን አቶ አጥናፉን አስከትለው ጌም ቤቱ ገቡ። መስዑድ ወንበር ይዞ ከኋላቸው ሰላምታ አቀረበ። ዘወርም አላሉለት። ዞሮ ፊታቸው ሲመጣ ግን አፈጠጡበት።

“ከሰው ጀርባ የሚያወራ ሐሜተኛ ነው። ፊቴ ቁምና ተናገር። ከበሮዬ ምን ሆነ አልክ?”

“አይቆጡ እትዬ። ይዘገያል ነው ያልኩት። ከፈቀዱልኝ ቀስቱን ወደ ዘፈኑ አስጠጋዋለሁ፤ ለተጫዋቹም ፍትሐዊ ይሆናል።”

“ከዚያማ የኔ ከበሮ መሆኑ ቀረ! ንክች እንዳታደርገው። እናትህን የዳርኳት በዚህ እጅ ነው፤ ያኔ ዘግይቼ ቢሆን አንተ እስካሁን አልተወለድክም ነበር!”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

“እንዳለ ራሴ እጫወተዋለሁ” አሉ። “ከጨረስኩት በሰው ፊት ይቅርታ ትለኛለህ። ከወደቅኩ አቶ አጥናፉ አባይነሽን ይውሰዱ።”

“ተስማምቻለሁ” አሉ አቶ አጥናፉ።

መስዑድ ቁልፎቹን አሳያቸው። እትዬ እንቁ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተከሉ። ቀስቶቹ መጀመሪያ ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ከዚያ ፈጠኑ፤ ከዚያ እንደ በረዶ ይዘንቡ ጀመር። ልክ ጎረምሳው ሁሉ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ድርግም አለ። የማጉያው ገመድ ተነቅሏል፤ ከገመዱ አጠገብ የቆመው መስዑድ ነው።

“ነቀለው! ሊጥላቸው ነው!” ብሎ ጮኸ ታጁዲን የሚባል ባጃጅ ነጂ። “ያቁሙ እትዬ! ይደገማል!”

እትዬ እንቁ ቅንድባቸውም አልተነቃነቀ። ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ ቁልፉን ያንኳኩታል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። የመጨረሻው ቀስት እስኪወርድ አንድም አልሳቱም።

“ያ ረቢ!” አለ ታጁዲን። “ዘፈኑ ደማቸው ውስጥ ነው! ድምፅ እንኳ አያስፈልጋቸውም!”

አቶ አጥናፉ ብድግ ብለው እጃቸውን ጨበጡ። “እሁድ በደሳ እንገናኝ” አሉ። የአባይነሽን ስም ዳግመኛ ያነሳ የለም።

መስዑድ የእትዬ እንቁን ጉልበት ስሞ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀ። “ገመዱን ግን አልነቀልኩም፤ የሰው እግር ነው የጠለፈው” ቢል ማን ይመነው። ከተማው ቀጣፊ፣ ምቀኛ፣ የአሮጊት ስም አጥፊ ሲለው አመሸ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ እንቁ ጌም ቤቱ ሳይከፈት በራፉ ላይ ቆመው ጠበቁት፤ መስዑድን ብቻውን ሲያገኙት “የሰርጉን ዘፈኖች በሙሉ በቀስት አድርግልኝ፣ በዓይኔ ላጥናቸው” አሉት፤ “ጆሮዬ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆነው።”