ክር ያልታሰረበት ጠርሙስ

አቶ ጌቱ አንብቦ ይጨርስና ወረቀቱን አዙሮ ከባሌ ፊት ያኖረዋል። የጣት አሻራ ቀለሙን ክዳን ይከፍታል። «እንግዲህ የኔታ፣ የቀኝ አውራ ጣትዎን ይስጡኝ» ይላል። የሆስፒታሉ የአካል ጉዳተኞች ቅሬታ ሰሚ እሱ ነው።

ያነበበው ጥሩ ነበር። ሆስፒታሉ የሚጠጣውንና የቁስል ማጠቢያውን ጠርሙስ ለይቶ አለመስጠቱ ስህተት መሆኑን አምኗል፤ ከእንግዲህ ለዓይነ ስውር የሚሰጥ ጠርሙስ ሁሉ በእጅ የሚለይ ምልክት ይደረግበታል። ባሌ የኔታ ይስማው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ ፊቱ ረገብ አለ። ድምፄ ከጠፋ ወዲህ በእነዚህ አራት ወራት እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

እኔ ግን ወረቀቱን አየሁት። ከዲማ የመጣች፣ ድምፅ የሌላት ሴትዮ ፊደል ትቆጥራለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከወንዶቹ ቀድሜ ሀሁ የለየሁ ነኝ። ወረቀቱ «አስታማሚው የተሰጣቸውን ግልጽ ማብራሪያ ባለመከተል፣ በራሳቸው ቸልተኝነት የቁስል ማጠቢያ ለታካሚዋ ያጠጡ በመሆኑ ቅሬታው ተዘግቷል» ይላል። ስለ ምልክት አንድም ቃል የለበትም።

ማብራሪያ! ያን ቀን የእግሬ ቁስል አመርቅዞ፣ ትኩሳት ጥሎኝ፣ ከመድኃኒት መስጫው መስኮት አጠገብ አግዳሚ ላይ ተጋድሜ ነበር። ባሌ ከጋቢው ጫፍ ክር መዞ «ልጄ፣ የሚጠጣውን በዚች እሰርልኝ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «አባቴ፣ ተጽፎበታል» አለው መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ፤ «ቀጣይ!»

ማደሪያችን ገብተን ሲያጠጣኝ ዓይኔን መግለጥ እንኳ አቅቶኝ ነበር። ማጠቢያው ጉሮሮዬን ላጠው። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለኝም። ምላሷ ገበያ ይበትናል የምባል ሴት ነበርኩ። ባሌ መልኬን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም፤ ለእሱ እኔ ማለት ድምፄ ነበርኩ። አሁን ቤት ውስጥ መኖሬን የሚያውቀው ዳብሶ ነው። መነጋገሪያችን መዳፉ ብቻ ነው፤ አንዴ ስጫነው አዎ፣ ሁለቴ ስጫነው አይሆንም።

እጁን ከቀለሙ ላይ ነጥቄ ሁለቴ እጫነዋለሁ።

ባሌ ይቆማል። «እስቲ ልጄ፣ ድገምልኝ።»

አቶ ጌቱ ወደ እኔ ዞሮ «እማማ፣ ምንም ችግር የለም!» ብሎ ይጮኽብኛል። ድምፅ የሌለው ሁሉ ጆሮም የሌለው ይመስላቸዋል። ከዚያ ወረቀቱን አንስቶ እንደገና ያነባል። ባሌ የቅኔ መምህር ነው፤ ተማሪ የነገረውን ቅኔ በዓመቱ ቃል ሳይጥል የሚመልስ ሰው ነው።

«ቅድም ‹ስህተት መሆኑን አምኗል› ነበር ያልከው» ይላል። «አሁን ‹ክፍተት መኖሩን ተገንዝቧል› አልክ። ቅድም ‹ጠርሙስ ሁሉ› ነበር፤ አሁን ‹እንደ አስፈላጊነቱ› ገባበት። የተጻፈ ነገር እንዲህ ሲቀያየር አላውቅም። የምታነብልኝ ከወረቀቱ አይደለም።»

አቶ ጌቱ ተነስቶ በሩን ይዘጋል። ከውጭ የዊልቸር መወጣጫውን የሚቀቡት ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማል፤ ቢጫ እየቀቡት ነው።

«የኔታ፣ አልዋሽዎትም» ይላል፣ ሁለቴ ዋሽቶ። «ሰኞ ከክልል ሱፐርቪዥን ይመጣል። የአካል ጉዳተኛ ቅሬታ ሳይዘጋ ከተገኘ ሁላችንም እንጠየቃለን። የመድኃኒት ቤቱ ልጅም ገና ጀማሪ ነው፤ እንጀራው ነው።» ከመሳቢያው ሌላ ወረቀት ያወጣል። «የባሕር ዳሩ ሪፈር ይኸውና። ሐኪሙ ፈርሞበታል፣ ማኅተሙ ብቻ ነው የቀረው። የጉሮሮ ስፔሻሊስት እማማን ካያቸው ድምፃቸው ሊመለስ ይችላል ብሏል። ይሄኛው ሲዘጋ ያኛውን አትመዋለሁ።»

«እውነተኛውን አንብብልኝ» ይላል ባሌ።

አሁን የሚያነበው የተጻፈውን ነው። «በራሳቸው ቸልተኝነት» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል። እንደ ማፈር ቢጤ ሞክሮታል መሰለኝ።

«ያጠጣኋትስ እኔው ነኝ» ይላል ባሌ።

መዳፉን ሁለቴ እጫነዋለሁ። ደግሜ ሁለቴ። ጥፍሬን እተክልበታለሁ። በዚህ ወረቀት ላይ ዳኛ የሆነው ያ መስኮት ነው፣ ወንጀለኛው ደግሞ ክር ይዞ የለመነው ሰው። እኔ ለዚህ ድምፅ ብዬ ስሙን አልሸጠውም፤ እድሜ ልኬን ዲዳ ልሁን። ይህን ሁሉ ሁለቴ በመጫን እንዴት ልንገረው?

ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእጁ ላይ ያላቅቃቸዋል። «ድምፅሽ ሲመለስ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ» ብሎኝ አውራ ጣቱን ወደ አቶ ጌቱ ይዘረጋል።

አፌን እከፍታለሁ። የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ከውጭ ባለው ሳቅ እሱም አይሰማም።

አቶ ጌቱ ጣቱን ይዞ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ሪፈሩን አትሞ በእጄ ያስይዘኛል፤ «እግዚአብሔር ይማርዎት እማማ!» ይላል፣ አሁንም እየጮኸ።

መወጣጫው ቀለሙ ስላልደረቀ በደረጃው ውረዱ ይሉናል። ባሌ በአንድ እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ፣ በእግሩ እርከኑን እየፈለገ ይወርዳል። ከታች ሲደርስ ይቆምና መዳፉን ይዘረጋልኛል፤ አውራ ጣቱ ሰማያዊ ነው። ተቆጥቼው እንደሆነ፣ ይቅር ብዬው እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል።

እጁን እይዘዋለሁ። ለዚህ የተስማማንበት ምልክት የለንም።