እግሩ ወይስ ፔዳሉ

«ቀስ እያሉ ይርገጡት፣ ጋሽ አምሳሉ፤ እስከ ታች ድረስ» ትላለች ኢቲሳም፣ ሐይቅ ከተማ ካለው ጋራዟ ውስጥ፣ ክፍት የጋቢና በር ሥር ቆማ። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው መመርመሪያዋ በእጇ ነው። አምሳሉ የሚኒባሱን የነዳጅ መስጫ ፔዳል ይረግጣል። ሞተሩ አልተነሳም፤ ቁልፉ ብቻ ተከፍቷል።

መኪናው የውጫሌ ዳገት ላይ ድንገት ጉልበት እያጣ ካስቸገረው ሰንብቷል። ተሳፋሪው «ተኛህ እንዴ?» ይለዋል። የስኳር በሽታው የቀኝ እግሩን ጣቶች እያደነዘዘበት መሆኑን ግን ለሚስቱም አልተነፈሰም። ሰው ጭኖ የሚሄድ ሰው እግሩን ካላመነ ምን ያምናል? መኪናውን ሊሸጥ ልቡ ቆርጧል፤ ብቻ መጀመሪያ እውነቱን ማወቅ ፈለገ።

ኢቲሳም ታስረዳዋለች። ፔዳሉ ውስጥ ያለው ሴንሰር እግር ምን ያህል እንደወረደ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚናገረው በሁለት በኩል፣ እንደ ሁለት ምስክር ሆኖ ነው። ምስክሮቹ ከተጣሉ ኮምፒውተሩ የሚያምነው ያጣና የሞተሩን ጉልበት ይይዘዋል።

መመርመሪያው ላይ የሁለቱ ምስክሮች መስመሮች ተከታትለው ሽቅብ ይወጣሉ። መሃል ሲደርሱ የታችኛው ቁልቁል ወርዶ ይመለሳል።

«እግሬ ይሆናል» ይላል አምሳሉ። ከዚያ ሁሉንም ይነግራታል፣ ዓይኗን ሳያይ።

ኢቲሳም እግሩን እንዲያነሳ ጠይቃው ታጎነብስና ፔዳሉን በእጇ ትጫነዋለች። የታችኛው መስመር እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃል። አምሳሉ ድገሚው ይላታል። ትደግመዋለች።

«እንግዲህ የእኔንም እጅ ስኳር ይዞታላ» ትላለች።

አምሳሉ ይስቃል፤ ሳቁ ከየት እንደመጣ ለራሱም ይገርመዋል።

ከአሮጌ መኪና የተፈታ ፔዳል ነበራትና ትቀይርለታለች። አሁን ሁለቱ መስመሮች ሳይጣሉ ይወጣሉ፣ ሳይጣሉ ይወርዳሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይነዳ ነበር። አምሳሉ ግን መመርመሪያውን አተኩሮ ያያል።

«ዓይኔን ልጨፍን» ይላል። «ፔዳሉን እስከ ግማሹ የረገጥኩ ሲመስለኝ አቆማለሁ። አንቺ እይልኝ።»

ይህ የሐኪምን ምርመራ እንደማይተካ ታስጠነቅቀዋለች። ሐኪም ዘንድም እሄዳለሁ ብሎ ጫማውን ያወልቅና ዓይኑን ይጨፍናል። እግሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይቆማል።

«ደረስኩ።»

ኢቲሳም መመርመሪያውን ወደ እሱ ታዞረዋለች። ዓይኑን ሲገልጥ መስመሮቹ ከመሃሉ ጥቂት ዝቅ ብለው ቆመዋል። በስሱ ይንቀጠቀጣሉ። ይሄኛውም ፔዳል ተበላሸ እንዴ ብሎ ሊጠይቃት አፉን ይከፍትና ይተወዋል። ሁለቱ መስመሮች ሳይጣሉ አብረው ነው የሚንቀጠቀጡት፤ የሚንቀጠቀጠው የራሱ እግር ነው። በደነዘዙት ጣቶቹ ፔዳሉን ትንሽ ይጫናል፤ መስመሮቹ ከፍ ይላሉ። ያላላል፤ ዝቅ ይላሉ።