የሹፌሩ ቀኝ እግር

ገጠር ደርሶ ለመመለስ ወንድ ልጁ አዲሱን መኪናውን አጥቦ ደጅ ቢያቆምም፣ ጡረተኛው ሹፌር «በእህትህ አውቶቡስ ነው የምንሄደው» ብሎ ድርቅ አለ። አሁን ሚስቱ ከሹፌሯ ልጇ ጀርባ ከባሏ ጎን ተቀምጣ፣ ቀኝ እግሩን በዓይኗ ትጠብቅ ነበር። ሌላ ሰው ሲነዳ ያ እግር ወለሉን እየረገጠ የሌለ ፍሬን ይይዛል፤ የወንድ ልጁን መኪና ምንጣፍማ ሊበሳው ምንም አልቀረውም።

ጠመዝማዛው ቁልቁለት መጣ። ልጅቱ ማርሽ ቀነሰች። እናት ወደ ባሏ እግር አየች። እግሩ ንቅንቅ አላለም።

«አባዬ ዝም አለ፤ ፈራ እንዴ?» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

እናት ጎንበስ ብላ አየች። እግሩ ከጫማው ሾልኮ ወጥቶ ሌላው እግሩ ላይ ተጋድሟል።

«ምን ይፈራል!» አለች፣ አውቶቡሱ ሁሉ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ለጥ ብሎ ተኝቶልሻል!»