አንዲት ደዋይ

ማሳደጊያችን ሞልቶ ሕፃናቱን በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት እያደረግን ማስተኛት ስንጀምር፣ አለቃዬ “አንተ አፍ አለህ” ብላ አሳዳጊ ቤተሰብ እንድፈልግ ሬዲዮ ጣቢያ ላከችኝ። እኔም አላሳፈርኳትም። “ወገኖቼ፣ ቤት ቢጠብ ልብ ይሰፋል!” እያልኩ ራሴው እስካለቅስ ድረስ ሰበክሁ። ጋዜጠኛዋም እንባዋን ጠረገች። የሚደውል ግን ጠፋ።

ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት በሚቆራረጥ መስመር ገባች።

“እኔ ሕፃን ወስጄ ባሳድግ ደስታዬ ነው። ባለቤቴን ግን ስንት ዓመት ለመንኩት፤ ‘ቤታችን ጠባብ ነው’ ይለኛል።”

“እንዴት ያለ ጨካኝ ነው!” አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። “እህቴ፣ አሁኑኑ ያገናኙኝና እኔ ልምከረው። የት ነው ያለው?”

“እዚያው ስቱዲዮ ነው” አለች ሚስቴ። “ሲመጣ ሕፃን ይዞ ይምጣ በሉልኝ።”