ለትልቁ ልጅ የተቀቀለ ኮክ

«ከማላውቀው ሰው እጅ አልበላም» አለች እናቱ፣ ታናሽ ልጇ የዘረጋላትን ማንኪያ በመዳፏ እየገፋች። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ኮኩን ልጦ፣ ዘሩን አውጥቶ፣ በስኳርና በቀረፋ እስኪለሰልስ የቀቀለው ራሷ እንዳስተማረችው ነበር። «ትልቁ ልጄን ጥሩልኝ። እሱ ያጉርሰኝ።»

ትልቁ ልጇ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ታናሹ ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የወንድሙን ጃኬት ለበሰና በሩን እንደ እሱ በትከሻው ገፍቶ ገባ።

«እሜቴ፣ ዛሬም አኮረፍሽ አሉ!» አለ ድምፁን አወፍሮ።

ፊቷ በራ። «የት ስትዞር ነው የዋልከው፣ አንተ ቀልማዳ!» አለችና ጎረሰች። ደገመች። አገጯ ላይ የወረደውን ጭማቂ በአውራ ጣቱ ሲጠርግላት እጁን ያዘችው።

«ታናሽህ ሞቷል አይደል?» አለች በሹክሹክታ። «ቢኖር እንዲህ አይጠፋብኝም ነበር። አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ አንተ ብቻ አትደብቀኝ። ካልነገርከኝ አልበላም።»

ሳህኑ ገና አልተጋመሰም። «ታናሹ እኔ ነኝ» ቢላት ማንኪያውን መልሳ እንደምትገፋው ያውቃል።

«አዎ፣ እማዬ» አለ በወንድሙ ድምፅ።

«ነፍሱን ይማር» አለችና አፏን ከፈተች።